ለጽሞና የሚሆን ግቢ

በጎጃምና በጎንደር መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ በታረሰው ሜዳ መካከል ከሩቅ ጠቆር ብሎ የሚታይ ደን ካለ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከጽዱና ከወይራው ሥር ሲገቡ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ድምፅዎም ሳያውቁት ዝቅ ይላል። የአዲስ አበባ ጠባብ ግቢም ከዚህ ጸጥታ ጥቂቱን ሊይዝ ይችላል። ጸጥታውን የሚያመጡት ከለላ፣ ጥላና መቀመጫ ናቸው፤ አበባው ቢያንስ ግድ የለም።

ከመቀመጫው ይጀምሩ። ችግኝ ከመግዛትዎ በፊት ዱካ ይዘው አንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ቦታ እየቀያየሩ ይቀመጡ። የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበትን፣ የመንገዱ ጫጫታ የሚቀንስበትን፣ ክረምት ውሃ የማይተኛበትን ጥግ ያገኙታል። እዚያ አግዳሚ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስቀምጡ። ሌላው ሁሉ የሚተከለው ከዚህ መቀመጫ እየታየ ነው።

ለጥላ አንድ ወይራ ይበቃል። ከመቀመጫው በስተምዕራብ ከግንቡ አራት ሜትር ያህል ርቆ ቢተከል የከሰዓቱን ፀሐይ ይመልሳል። ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ሰፊ ግቢ ላላቸው ይሁኑ። ለከለላ ደግሞ ጽድ ይትከሉ፤ ግን ችግኝ ጣቢያ ሄደው «ጽድ» ብቻ ካሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጥዎ የፈረንጅ ጽድ ነው። የሐበሻ ጽድ ብለው ይጠይቁ። ከእናት ዛፉ ፍሬ ይለያሉ፦ የሐበሻው ትንሽ፣ ለስላሳና ሰማያዊ ቀመስ ነው፣ የፈረንጁ ግን እንደ እንጨት የደረቀ ድቡልቡል ነው።

ጉድጓዱን በግንቦት ያስቆፍሩ፤ ወርዱም ጥልቀቱም 50 ሳንቲ ሜትር። የላይኛውን አፈር ለብቻ አድርገው ከበሰለ ፍግ ጋር ያዋሕዱት። የሚተከለው በሐምሌ፣ መሬቱ እስከ ታች ሲርስ ነው።

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የመጀመሪያዋ ወይራዬ አራት ዓመት ቆማ ከጉልበቴ አላለፈችም። ነቅዬ ሳያት ሥሯ የችግኝ ላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ፣ በእንዝርት ላይ እንዳለ ፈትል ዙሪያውን ተጠምጥሟል፤ አንድም ሥር ወደ ውጭ አልወጣም። ላስቲኩን ከታች ብቻ ቀድጄ ነበር የተከልኳት። ስለዚህ ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ይግፈፉ፣ የተጠቀለለውን የሥር ጫፍ በምላጭ ይቁረጡ፣ ጎኖቹንም በጣትዎ ቀስ ብለው ያላቅቁ። ከዚያ አፈሩን መልሰው በእግርዎ ጠቅጠቅ ያድርጉት።

ሽታ ከመቀመጫው አጠገብ ይሁን። ጠንበለል በሽቦ ላይ ወደ ግንቡ ትውጣ፤ ነጭ አበባዋ ሲመሽ ግቢውን ያውደዋል። በድንጋዮቹ መካከል ጦስኝ፣ እጅዎ በሚደርስበት ዳማከሴና አሪቲ ይትከሉ። ቀጋ ውብ ነጭ አበባ አላት፣ እሾኋ ግን ልብስ ይይዛልና ከአጥሩ ዳር ትሁን። አበባ የሚመጥጡትን ትንንሽ ወፎች የሚጠሩት ሬትና ራስ ክምር ናቸው። ከእነዚህ አምስት ስድስት ዓይነት በቂ ነው፤ እኔ ከዚያ በላይ ስጨምር ዓይኔ ማረፊያ አጣ።

የአደይ አበባን ዘር በጥቅምት መጨረሻ፣ ራሱ ሲደርቅ ይልቀሙና በወረቀት ያቆዩ። በሰኔ መሬቱን ፈቅፈቅ አድርገው ይበትኑት፤ ጠልቆ መቀበር የለበትም። በሐምሌ አረም መስላ ስለምትታይ ለአትክልተኛዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ በየዓመቱ ለመስከረም ሳትደርስ የምትነቀለው በዚህ ነው።

ለወፎቹ ውሃ በዝርግ የሸክላ ሳህን ያኑሩ፤ ከአራት ጣት አይጥለቅ። ቢምቢ እንዳይፈለፈልበት በየሁለት ቀኑ ይቀይሩት።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ከኅዳር ጀምሮ በልጉ እስኪጥል በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማታ ማታ፣ ለእያንዳንዱ ዛፍ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያጠጡ። ጠዋት ግቢ መጥረግ ልማዳችን ቢሆንም ከወይራው ሥር መጥረጊያ አይድረስ፤ የረገፈው ቅጠል እርጥበቱን ይይዛል፣ ሲበሰብስም አፈር ይሆናል። ዛፎቹ ከያዙ ከሦስተኛው ክረምት በኋላ ጀሪካኑን መተው ይችላሉ።