ከባዝቃ እስከ ማሕፀን

ወርቅ በሜርኩሪ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የድሮ ሰዎች ባዝቃ የሚሉት ይህ ፈሳሽ ብረት ታጥቦ ከቀረው ጥቁር አሸዋ ላይ ይጨመራል። አሸዋውን ትቶ የወርቁን ብናኝ ይለቅማል። ከዚያ በጨርቅ ይጨመቅና የቀረችው ነጭ ድቡልቡል እሳት ላይ ትቀመጣለች። ባዝቃው ይተናል፣ ወርቁ ይቀራል። በጋምቤላ ክልል ዲማ ወረዳ በባህላዊ ወርቅ ቁፋሮ የሚያድር ቤተሰብ ብዙ ነውና ልንጠይቅ የሚገባን ይህን ነው፦ የተነነው ባዝቃ የት ገባ?

እንፋሎቱ ቀለምም ሽታም የለውም። እሳቱ የነደደው ምግብ በሚበስልበት ጉልቻ ላይ ከሆነና አጠገቡ ነፍሰ ጡር ካለች፣ በሳንባዋ ገብቶ ከደሟ ይቀላቀላል፣ እንግዴ ልጁንም ተሻግሮ ፅንሱ ዘንድ ይደርሳል። እንግዴ ልጅ ክፉውን አስቀርቶ ደጉን ብቻ የሚያሳልፍ ወንፊት የሚመስለን ብዙዎች ነን። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ እንደዚሁ ያምኑ ነበር።

ይህን እምነት ከሰበሩት አንዷ ሚናማታ የተባለች የጃፓን የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ቺሶ የተባለ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ቆሻሻ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር፤ ሕዝቡም የዚያን ባሕር ዓሣ ይመገብ ነበር። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ራሳቸው እምብዛም ያልታመሙ እናቶች መራመድና መናገር የማይችሉ ልጆች መውለዳቸው ነው። በዓሣ ውስጥ የሚገኘው የሜርኩሪ ዓይነት በእትብት ደም ውስጥ ሲለካ ከእናትየው ደም በአማካይ ወደ 1.7 እጥፍ ይደርሳል። መርዙ ከእናትየው ይልቅ ልጁ ላይ ይከማቻል ማለት ነው።

በአገራችንም በጉጂ ዞን በለገ ደምቢ የወርቅ ማውጫ ዙሪያ የሚኖሩ እናቶች ስለ ውርጃና አካላቸው ተጎድቶ ስለሚወለዱ ሕፃናት ለዓመታት ጮኸዋል። በ2010 ዓ.ም. ሕዝቡ ተቃውሞ ካነሳ በኋላ የማውጫው ፈቃድ ታግዶ ነበር።

ወደ ጋምቤላ እንመለስ። ወንዝ ውስጥ የገባ ሜርኩሪ በጭቃው ባሉ ባክቴሪያዎች ተለውጦ ወደ ትናንሽ ዓሦች ይገባል። ትንሹን ትልቁ ሲበላው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ ወርቅ በሜርኩሪ ከሚሠራበት ወንዝ የሚወጣ፣ ሌላ ዓሣ እየበላ የሚያድግ እንደ ናይል ፐርች ያለ ትልቅ ዓሣ ለነፍሰ ጡር አይመረጥም። ዓሣን ግን ጨርሰው እንዳይተዉ እለምናለሁ! ቆሮሶና ሌሎች ትናንሽ ዓሦች ለፅንሱ አንጎል እጅግ ጠቃሚ ናቸው። ከነአጥንታቸው የሚበሉት ደግሞ ካልሲየም ይሰጣሉ።

ካልሲየም ሌላም ሥራ አለው። እርሳስ ወደ ሰውነት ከገባ አጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ፅንሱ አጥንት ለመሥራት ካልሲየም ሲፈልግና እናት በምግቧ ካላገኘች፣ ከገዛ አጥንቷ ይቀዳል፣ እርሳሱም አብሮ ይወጣል። በልጅነቷ የገባባት መርዝ ለልጇ ይደርሳል። ለዚህ ነው ከብት አርቢው የኑዌር ቤተሰብ ወተት ሲያልብ ለነፍሰ ጡሯ ቅድሚያ እንዲሰጥ የምመክረው።

ከሜርኩሪና ከእርሳስ ቀጥሎ ሦስተኛው መርዝ ካድሚየም ነው። የትምባሆ ቅጠል ከአፈር አጥብቆ ይስበዋል። በጋምቤላ ትምባሆ በጋያ የሚያጨሱ ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ በጋያው ውስጥ ያለው ውሃም መርዙን አያስቀርም። ካድሚየም እንግዴ ልጁ ውስጥ እየተጠራቀመ ለፅንሱ የሚያስፈልገውን ዚንክ ያግዳል፤ ልጁም ከክብደት በታች ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

ለሕፃናት መቀንጨር ዋናዎቹ ምክንያቶች እነዚህ ብረቶች ሳይሆኑ የምግብ እጥረት፣ ተቅማጥና ወባ መሆናቸውን አልዘነጋም። ግን ነገሮቹ የተያያዙ ናቸው። ወባ ደም ያሳንሳል። ደሙ ያነሰ ሰውነት አይረን ፍለጋ አንጀቱን ሲከፍት፣ እርሳስና ካድሚየም በዚያው በር ይገባሉ። ስለዚህ አጎበሩ፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረን እንክብል፣ ወተቱና ትንሿ ዓሣ ከእነዚህ ብረቶች ለመከላከልም ያግዛሉ። እንክብሉን ሆዴን አመመኝ ብለው ከመጣልዎ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ያማክሩ፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ውሃ ማፍላትም ሆነ ውሃ አጋር መጨመር ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ እነዚህን ብረቶች አያስወግድም። ከወርቅ ማጠቢያው በታች ካለው ወራጅ ይልቅ ከላይ ይቅዱ።

ባል ወርቅ ቆፋሪ ከሆነ የሚከተለው ለእርሱ ነው። ባዝቃ ቤት ውስጥ እሳት ላይ አይጣድም፣ ቤት ውስጥም አይቀመጥም። የተጣደበት ብረት ድስት ተመልሶ ወጥ አይሠራበትም። የሥራ ልብሱን ቤት ሳይገባ ያውልቅ፤ ራሱ ይጠበው፤ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ አይስጣት።