«ምርጥ ዘር» ስንል ለየትኛው አገር?

የግብርና ዜና ስንጽፍ «ከፍተኛ ምርት የሚሰጥ ምርጥ ዘር» ብለን አራት ነጥብ እናደርጋለን። የት ነው የሚሰጠው? አንጠይቅም።

ባኮ ላይ ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀውን ቢኤች 660 በቆሎ እንውሰድ። ወላጆቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ይዳቀሉና ልጃቸው ከሦስተኛው ጋር እንደገና ይዳቀላል። አዳቃዩ ግን ከዚያ በፊት ወላጆቹን ለበርካታ ትውልድ በገዛ ብናኛቸው እያራባ ጠባያቸውን ማርጋት አለበት። ዓመታት የሚበላው ይሄ ነው፤ ዜናችን ውስጥ ግን የለም።

ቢኤች 660 በምርቱ ተወደደ። ቁመቱ ግን ረጅም ስለሆነ ንፋስ ይጥለዋል፤ ቅጠሉንም በሽታ አገኘው። በ2011 የተለቀቀው ቢኤች 661 ሦስተኛውን ወላጅ ከእሱ ወስዶ ሁለቱን ቀየረ፤ በምርትም፣ በሽታንና መውደቅን በመቋቋምም በለጠው። አንዱን ጠባይ ሲያሻሽሉ ሌላው እንዳያመልጥ በየአካባቢውና በየዓመቱ እየዘሩ ማወዳደር ግድ ነው።

ሁለቱም የሚስማማቸው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ያለ አገር ነው። ይህን ቁጥር ከዜናው ስናወጣ የቆላው ገበሬም ሰምቶ ይገዛል። ደጋግሞም መግዛት አለበት፤ ከማሳው አስቀርቶ ቢዘራ ጠባዩ ይበታተናል፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ይወጣል፣ ምርቱም ይቀንሳል። ዋጋውንስ ጠይቀን እናውቃለን?