በሰላም ስለ መቃወም

ሕዝብ ራሱን በሚያስተዳድርበት አገር ሹም የሚሾመው በብዙ ሰው ድምፅ ነው። ዳሩ ግን ብዙ ሰው የተስማማበት ነገር ሁሉ ትክክል አይደለም፤ በዚህም ጥቂቶች ይበደላሉ። ስለዚህ ደግ ሕግ የተበደለው ሰው በአደባባይ አቤት እንዲል ይፈቅድለታል። በአሜሪካ አገር ሕዝቡ በሰላም እንዲሰበሰብና በደሉን ለመንግሥት እንዲያሰማ የሚፈቅደው ቃል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1791 በሕገ መንግሥቱ ተጨመረ። ነገር ግን የተጻፈ መብት ሰው ካልሠራበት እንደ ተቀበረ ወርቅ ነው።

በዚያው አገር፥ በአላባማ ግዛት በሞንጎምሪ ከተማ፥ ጥቁሮች በአውቶቡስ ከኋላ ይቀመጡ ነበር፤ ነጭ ሰው መቀመጫ ባጣ ጊዜም እንዲነሡለት ይገደዱ ነበር። ብዙዎቹም በምርጫ ድምፅ እንዳይሰጡ ተከልክለው ነበር። በዲሴምበር 1 ቀን 1955 ሮዛ ፓርክስ የምትባል ልብስ ሰፊ አልነሣም ብላ ተያዘች፤ ፍርድ ቤትም 14 ዶላር እንድትከፍል ፈረደባት።

በዲሴምበር 5 ቀን የከተማው ጥቁሮች በአውቶቡስ መሳፈርን ተዉ። ድንጋይ አልወረወሩም፤ በእግራቸው ሄዱ እንጂ። መኪና ያለውም የሌለውን አሳፈረ።

በጃንዋሪ 30 ቀን 1956 በመሪያቸው በማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት ቦምብ ተጣለ። ሚስቱና ሕፃን ልጁ በውስጥ ነበሩ፤ ነገር ግን አልተጎዱም። ሕዝቡ ተቈጥቶ፥ አንዳንዱም መሣሪያ ይዞ፥ በደጁ ተሰበሰበ። በዚያች ሰዓት አንድ ጥይት ቢተኰስ ኖሮ፥ በዳዮቹ ሕዝቡን ወንበዴ ለማለት ምክንያት ባገኙ ነበር። ኪንግ ግን በደጃፉ ቆሞ ወደየቤታቸው በሰላም እንዲመለሱ ለመናቸው፤ እነርሱም እሺ ብለው ተመለሱ።

እንዲህ ሆነው 381 ቀን ታገሡ። በዚህም መካከል ከከተማው ጥቁሮች አንዳንድ ሴቶች ነገሩን ወደ ዳኛ አቅርበው ነበርና፥ በኖቬምበር 1956 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያ ሥርዓት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይስማማ መሆኑን አጸና። በዲሴምበር 21 ቀንም ጥቁሮቹ ተሳፍረው በወደዱት ወንበር ተቀመጡ።

እንግዲህ ሕዝብ ዝም ስላለ በደል የለም ማለት አይደለም። አቤቱታን የሚሰማ መንግሥት በደሉን ጠብ ሳይነሣ ያውቀዋል፤ አቤት ባይን የሚያፍን ግን ሕመሙን ከሐኪም እንደሚሰውር በሽተኛ ነው። አቤት የሚለውም ሰው እጁን ከክፉ ይጠብቅ፤ እውነት ይዞ የወጣ ሰው ድንጋይ ያነሣ እንደ ሆነ፥ ሰዎች እውነቱን ትተው ድንጋዩን ያያሉና።