አዲስ ማጫወቻ ለአሮጌ ቴሌቪዥን፦ ገመድ ብቻ አይበቃም

አዳዲሶቹ የቪዲዮ ማጫወቻዎች ብዙውን ጊዜ የሚመጡት የኤችዲኤምአይ መውጫ ብቻ ይዘው ነው። ባለ ትልቅ ጀርባው የድሮ ቴሌቪዥን ግን የሚቀበለው በቢጫ፣ በቀይና በነጩ መሰኪያ ነው፤ ከዚያም የባሰ ያረጀው በአንቴና ቀዳዳ ብቻ። ልዩነቱ የመሰኪያው ቅርጽ አይደለም። ማጫወቻው ዲጂታል ይልካል፣ ቴሌቪዥኑ አናሎግ ይጠብቃል። ስለዚህ በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ በሌላው ሦስቱ ቀለማት ያሉበት ተራ ገመድ፣ ዋጋው ቢረክስም፣ ምስል አያመጣም። ለሻጩ የሚተርፈው የተመለሰ ዕቃና የተቆጣ ደንበኛ ነው።

የሚያስፈልገው መቀየሪያ ሳጥን ነው። እዚህም አስመጪው ጽሑፉን አንብቦ ይግዛ፤ «ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ» እና «ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ» የሚሉት መልካቸው መንታ፣ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ አንዱ የሌላውን አይሠራም። አብዛኞቹ በዩኤስቢ ገመድ 5 ቮልት ይፈልጋሉ። በጎናቸው ያለው ቁልፍ ደግሞ ፓል ላይ መዞር አለበት። የኢትዮጵያ አናሎግ ሥርጭት በፓል ስለነበር፣ ቁልፉ ኤንቲኤስሲ ላይ ከተተወ ምስሉ ቀለም ሊያጣ ወይም ሊንከባለል ይችላል።

የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ላለው ቴሌቪዥን ሞዱሌተር የሚባል ተጨማሪ ዕቃ ያሻል። የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ ከአሮጌው ቴሌቪዥን ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ሒሳቡን ለደንበኛው ከሽያጩ በፊት ማሳየት ይገባል።