የእምባቦ ጦርነት መንሥኤ፦ ጎጃምና ሸዋ በሦስተኛ ወገን ምድር ላይ ለምን ተዋጉ?

ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በሆሮ ጉዱሩ፣ እምባቦ ላይ ተዋጉ። ጎጃም ድል ሆነ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ቁይ ባለው ደጋ ይህ ታሪክ ሲነሣ በአብዛኛው የሚተረከው የሁለት ነገሥታት የክብር ፉክክር ሆኖ ነው። የክብር ጉዳይ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ጠቡ የክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱ ሠራዊቶች የሁለቱም ርስት ባልሆነ ምድር ላይ ለምን ተገናኙ? የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ፣ የጦርነቱ ዋና መንሥኤ መታየት ያለበት በሁለቱ ቤተ መንግሥቶች መካከል ሳይሆን በመካከላቸው በነበረው በሦስተኛው ምድር ነው የሚል ነው።

ለንጽጽር የሚረዳ አንድ የጥንት ምሳሌ አለ። ሮምና ካርቴጅ ለረጅም ዘመን በውል ተሳስረው የኖሩ ኃይሎች ነበሩ፤ በንጉሥ ፒሮስ ላይም ተባብረው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ264 ዓመት ግን በሲሲሊ ደሴት ጫፍ ባለችው በመሳና ከተማ ምክንያት ተጣሉ። ከተማዋን የያዙት ማመርታውያን የተባሉ ቅጥረኛ ወታደሮች በሲራኩሱ ገዥ በሂየሮን ሲጠቁ፣ ከፊሎቹ ካርቴጅን፣ ከፊሎቹ ሮምን ለርዳታ ጠሩ። ፖሊቢዮስ እንደሚተርከው፣ የሮም ሸንጎ ሲያመነታ ሕዝቡ ዘመቻውን ደገፈ፤ ከውሳኔው በስተጀርባም ካርቴጅ ሲሲሊን ጠቅልላ ከያዘች ጣሊያንን ትከብባለች የሚል ስጋትና የምርኮ ተስፋ ነበሩ። አንደኛው ኃይል ባይወስደው ሌላው ይወስደዋል ተብሎ የሚታሰብ ምድር፣ የቀድሞ ወዳጆችን አዋጋ።

በእኛ አገር የሲሲሊን ቦታ የያዘው ከዓባይ በስተደቡብ ያለው ምድር ነበር፦ ጉዱሩ፣ የጊቤ መንግሥታትና ከእነርሱ ማዶ ከፋ። የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡናና በባርነት የሚሸጡ ሰዎች ከዚያ ይመጡ ነበር። ለጎጃም መንገዱ በጉዱሩ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በዛሬዋ የጁቤ አጠገብ ወደነበረው ወደ ባሶ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። ሸዋ ደግሞ ይህንኑ ሀብት በሮጌና በአልዩ አምባ በኩል ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ ለመሳብ ትሻ ነበር። ከባሕሩ ዳርቻ የጦር መሣሪያ የሚገኘው በእነዚህ ሸቀጦች ስለነበር፣ ምንጫቸውን የያዘ መሣሪያውንም ይይዛል። ስለዚህ የአንዱ ወገን ትርፍ ለሌላው ኪሳራ ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ስጋትም ነበር።

ፉክክሩን ወደ ግጭት የገፋው የማዕረግ አሰጣጥ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በልቼ ስምምነት የምኒልክን የሸዋ ንጉሥነት አጽንተው ነበር። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው «የጎጃምና የከፋ ንጉሥ» አደረጓቸው። ሹመቱ ከምኒልክ ኃይል ጋር የሚመዛዘን ሌላ ኃይል አቆመ። «ከፋ» የሚለው ቃል ግን ከማዕረግ በላይ ነበር፤ ምኒልክ ሊያስገብሩት በሚሹት ምድር ላይ ለጎጃም የተሰጠ መብት ነበርና። ብዙም ሳይቆይ የጎጃሙ ራስ ደረሱና የሸዋው ራስ ጎበና ዳጬ በዚያው ምድር ግብር ለማስገባት ተፋጠጡ። ነገሥታቱም የጦር አለቆቻቸውን ተከትለው ወደ እምባቦ መጡ።

ንጽጽሩ እስከዚህ ይሠራል፤ ከዚህ በኋላ ግን ሁለቱ ታሪኮች ይለያያሉ። ከሮምና ከካርቴጅ በላይ ዳኛ አልነበረም። በ264 የተጀመረው ጠብ ሦስት ጦርነቶችን አልፎ በ146 ዓመት ካርቴጅ እስክትፈርስ ድረስ 118 ዓመታት ቆየ። ከጎጃምና ከሸዋ በላይ ግን ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። አፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃዳቸው በተደረገው ጦርነት ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ተክለ ሃይማኖትም ወደ ዙፋናቸው ተመለሱ፤ ጎጃም እንደ ካርቴጅ አልጠፋም። ሆኖም የዳኛው እጅ ንጹሕ አልነበረም፤ ለጠቡ አንድ መነሻ የሆነውን ማዕረግ የሰጡት ራሳቸው ነበሩ። ቅጣታቸውም የእምባቦን ዋና ውጤት አልቀየረም። በደቡብ የነበረው የበላይነት ለሸዋ ቀረ፤ የጅማው አባ ጅፋር 2ኛ ለምኒልክ ገበሩ፤ ከአሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላም ከፋ በሸዋ ጦር ተያዘ።

ከዚህ ሁለት ነገር መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ እምባቦን በነገሥታቱ ጠባይ ብቻ መተርጎም የንግድ መንገዱን፣ የመሣሪያውንና የሹመቱን ድርሻ ይሰውራል። ሁለተኛ፣ «የጎጃምና የሸዋ ጦርነት» የሚለው ስያሜ ራሱ ጦርነቱ የተደረገበትን ምድር ሕዝብ ያስረሳል። የጎጃምን ታሪክ ከጻፉት ዋነኞቹ አንዱ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጉዱሩ ተወላጅ መሆናቸው፣ የዓባይ ሁለቱ ዳርቻዎች ታሪክ ተነጣጥሎ ሊጻፍ እንደማይችል ያስታውሰናል። የመሳናን ሰዎች ሳያነሡ የሮምንና የካርቴጅን ጠብ ማስረዳት እንደማይቻል ሁሉ፣ የእምባቦ ጥናትም ከደብረ ማርቆስና ከሸዋ ቤተ መንግሥት ትረካ አልፎ፣ ማሳው የጦር ሜዳ የሆነበትን የሆሮ ጉዱሩን ገበሬ ትውስታ መጠየቅ ይኖርበታል።