ፍጥነትና ቍጥጥር በከርነል የሜሞሪ አደላደል

በአዘና ገበያ እህል የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ሁሉ እየዘረገፈ ቢመረምር ቀኑ ይመሽበታል፤ አንዱንም ሳያይ ቢረከብ ደግሞ አፈር የተቀላቀለበትን ይጭናል። ስለዚህ ከአንዳንዱ ጆንያ ዘግኖ ያያል። ይኸው ችግር ሒሳቡን በቴሌብር በሚከፍልበት የአንድሮይድ ስልክ ውስጥም ይገኛል፤ የአንድሮይድ እምብርት ሊኑክስ የተባለው ከርነል ነውና።

ከርነል ለልዩ ልዩ ሥራ ሜሞሪ እየቈረሰ ይሰጣል፤ ሥራው ሲያልቅም መልሶ ይረከባል። ይህንንም በሴኮንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ስለሚያደርግ ለእያንዳንዱ ርክክብ መዝገብ መያዝ ያዘገየዋል። ስላብ የተባለው የሊኑክስ አደላዳይ ግን ብልሃት አለው፤ ይኸውም ባዶ የሆነው ቦታ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ አድራሻ በገዛ ሆዱ ይይዛል። ፍጥነቱ ከዚህ ይመጣል፤ ጉዳቱም ከዚሁ ነው። ቦታውን የመለሰው የከርነል ክፍል ተሳስቶ እንደገና ቢጽፍበት አድራሻው ይበላሻል፤ አደላዳዩም የተበላሸውን አምኖ የሌላውን ንብረት ያድላል። ስሕተቱ በተሠራበት ሰዓት ምንም አይታይም። ስልኩ የሚወድቀው ቈይቶ፣ ምንም ባላጠፋ ክፍል እጅ ነው። አውቆ የሚጽፍ ሌባ ሲሆን ደግሞ የስልኩን ሙሉ ሥልጣን ሊወስድ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ አድራሻውን በምስጢር ቍጥር ለውጦ ማስቀመጥ ይቻላል።

ከዚያ ቀደም በ2015 ኬሳን የተባለ መርማሪ ገብቶ ነበር። ለየ8 ባይቱ 1 ባይት የጥበቃ ምልክት ይይዝና ሜሞሪ በተነካ ቍጥር ያንን ይመለከታል። በዚህ መልኩ ሲሠራ ከሜሞሪው አንድ ስምንተኛውን ይወስዳል፤ ሥራውንም 3 እጥፍ ያህል ያዘገያል። ለቤተ ሙከራ መልካም ነው፤ ለነጋዴው ኪስ ግን አይሆንም።

በ2019 የተጨመረው፣ ሜሞሪን በዜሮ ሞልቶ የማደል ምርጫ በአብዛኛው ሥራ ከ1 ከመቶ በታች ያዘገያል፤ ለፈተና ተብሎ በተሠራ ሥራ ግን እስከ 7 ከመቶ ተለክቷል። ይህችን 7 እያነሡ ጥበቃውን ማጥፋት አይዋጥልኝም፤ የቀድሞው ባለቤት ምስጢር ለተከታዩ ሲተርፍ ማን ይከፍላል?

በ2021 የገባው ኬፌንስ እንደ ነጋዴው ይዘግናል። በተለመደው አሠራሩ በየ100 ሚሊሴኮንዱ አንድ ድልድል መርጦ ግራና ቀኙ በታጠረ ገጽ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አጥሩን የነካ ወዲያው ይያዛል። በአንድ ስልክ ላይ ስሕተቱን የማግኘት ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ስልኮቹ ብዙ ሺህ ሲሆኑ ግን ከአንዱ ላይ መገኘቱ አይቀርም። ለዚህ የሚከፈለውም 2 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ነው።