ስለ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክና ስለ ውኃ መከላከያ

በአሰላ ከተማና በአካባቢው አሮጌ ቤቱን የሚያድስ ደንበኛ ወደ መደብር ሲመጣ የሚጠይቀው የሴራሚኩን ቀለምና ዋጋ ነው። ሻጩም የተጠየቀውን አስረክቦ ያሰናብተዋል። ይሁን እንጂ ግድግዳው የረጠበ ዕለት ደንበኛው የሚያማርረው በሻጩ ስለ ሆነ፥ ነጋዴው ነገሩን ጠለቅ ብሎ ማወቅ ይገባዋል።

ሴራሚክ ብቻውን ውኃ አያግድም። ሸክላው ራሱ ባያሳልፍ እንኳ፥ በመጋጠሚያው የሚሞላው ሲሚንቶ ውኃን በቀስታ ያሳልፋል። ውኃውን የሚያግደው ከሴራሚኩ በፊት በልስኑና በወለሉ ላይ የሚቀባው መከላከያ ነው።

ይህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው በእንጨትና በጭቃ የተሠራውን ቤት ነው። የብሎኬት ግድግዳ ቢረጥብ ቀለሙ ይላጣል፤ የጭቃው ግን ጭዱ ይበሰብሳል፥ እንጨቱም ከውስጥ ይሞታል፤ ከውጭ የሚያዩት ሴራሚክ ግን እስኪወድቅ ድረስ ያማረ ይመስላል። መከላከያው በጭቃ ላይ አይጣበቅምና፥ በሻወሩ በኩል የብሎኬት ግድግዳ አቁሞ በሲሚንቶ መለሰን ይሻላል። ወጪው እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ቤቱን እንደገና ከማቆም ግን ይቀላል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ወለሉ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ማፍሰሻው እንዲያዘነብል ይደረጋል። በማዕዘኖቹና በማፍሰሻው ዙሪያ መረብ ይለጠፋል፤ ውኃ ዘወትር የሚያመልጠው ከዚያ ነውና። ከዚያም መከላከያው ሁለት ጊዜ ይቀባል፥ ሁለተኛው የፊተኛውን አቋርጦ። በግድግዳው ላይ ከሻወሩ ራስ በላይ ሊደርስ ይገባል። ሲደርቅ ማፍሰሻው ተደፍኖ በወለሉ ላይ ውኃ ለ24 ሰዓት ይቆማል። ሴራሚክ የሚለጠፈው ውኃው ካልጎደለና ከሥር እርጥበት ካልታየ ብቻ ነው። ግንበኞች ለመፍጠን ሲሉ የሚዘሉት ይህንኑ ፈተና ነው፤ ደንበኛው እንዳያስዘልል ሻጩ ቢነግረው መልካም ነው።

አሰላ በጭላሎ ተራራ ሥር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፥ በክረምት መከላከያው በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሰዓት ዘግይቶ ይደርቃል። ብርዱም ሰውን በሙቅ ውኃ መስኮት ዘግቶ እንዲታጠብ ስለሚያደርገው፥ እንፋሎቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ከጣሪያው አጠገብ ያስፈልጋል።

ለጣሪያ የሚሆን ሬንጅ ስለ ረከሰ ብቻ ለሻወር መሸጥ አይገባም፤ የሴራሚክ ማጣበቂያ አይዝበትም። አስመጪው በበኩሉ የሚያመጣው ዕቃ ለሴራሚክ ሥር የተሠራ መሆኑንና የማብቂያውን ቀን ያረጋግጥ። ዱቄቱ እርጥበት ስለሚጠጣ ከረጢቱ ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይቀመጥ፤ ከረጢቱ ውስጥ የጓጎለ ዱቄት ከተገኘም አይሸጥ።